ጭልሞ የሚባል የውሻ ዘር

ሰኞ ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው የውሻዬን ገመድ ይዣለሁ። ውሻዬ አሻፈረኝ ይባላል። ቡችላ ሆኖ ቤቴ በገባ ሰሞን ሣጥን ውስጥ ተኛ ስለው እምቢ፣ ውጣ ስለው እምቢ፣ ዝም በል ስለው እምቢ ቢለኝ ነው ይህን ስም ያወጣሁለት። በር ላይ ቆሜ «አሻፈረኝ! አሻፈረኝ!» እያልኩ ስጣራ የሰሙ አዲስ ጎረቤቶች ሽማግሌ ተልኮብኝ ባል የምመልስ መስሏቸው ነበር አሉ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል። ረዳቱ «ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ!» እያለ ይጮኻል። እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከእኔ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ አሻፈረኝ በዓይኑ ወረደ።

«እመቤቴ፣ ውሻ አንጭንም።»

«ትኬት ገዝቼለታለሁ» አልኩና ሁለቱን ትኬቶች አሳየሁት። እውነቴን ነው። ትኬት ቆራጩ ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

«ላይ ከዕቃው ጋር ይሁን።»

«ዶሮዎቹ ውስጥ አይደሉም እንዴ?» አልኩት። በእርግጥም ፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴትዮ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች አቅፋ ተቀምጣለች።

«ዶሮ ይበላል፣ ውሻ አይበላም» አለ ሹፌሩ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«እንግዲያው የእኔን የሚሰርቅብኝ የለም» ብዬ ገባሁ። አሻፈረኝ ከወንበሬ ሥር ተጋድሞ አፍንጫውን ጫማዬ ላይ አኖረ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩትና «ውሻ ነው ወይስ ትልቅ አይጥ?» አሉ። ሹፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ጡሩምባውን ነፋ። ሄድን።

ሰኞ ረፋድ፣ ከገፈርሳ እስከ አዲስ ዓለም

የገፈርሳ ውኃ ጭጋግ ለብሷል። የመናገሻ ተራራ በስተግራ ቀርቦ፣ ቀርቦ፣ ኋላ ቀረ። ባሕር ዛፍ፣ የጭድ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ የማገዶ እንጨት የጫነ አህያ። ሆለታ ስንደርስ ቆሎና ብርቱካን በመስኮት ይሸጣል፤ ቆሎ ገዛሁ፤ አሻፈረኝም ድርሻውን አነሳ።

ለአንባቢዎች የጉዞዬን ምክንያት ልንገር። እኔ አዲስ አበባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በቅርቡ የውጭ አገር ሰዎች በሚኖሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ተብሎ የውሾች ውድድር ተደርጎ ነበር። ትኬት ሸጡልኝ፤ ውሻ ማስገባት ይቻላል ስላሉ አሻፈረኝን ቦርሼ ይዤው ሄድኩ። ዳኛዋ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ እንግሊዛዊት ነበሩ። ጎንበስ ብለው ጥርሱን አዩ፣ ጆሮውን ነካኩ፣ ጭራውን ጨበጡ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለችውን ነጭ ነጠብጣብ በጣታቸው ነክተው «ኬርን ቴሪየር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ነጭ አለበት፤ እግሩም ረዝሟል። ዘር የለውም» አሉና ከሰልፉ አስወጡን።

«ዘር የሌለው ፍጥረት የታለ?» አልኳቸው።

«ማስረጃ ካለሽ አምጪ» አሉኝ በትሕትና። ሰው በትሕትና ሲያባርረኝ ይብሳል።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። ቴሪየር የሚለው ስም መሬት ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ አውሬ ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ የሚገጥም ትንሽ ውሻ ማለት ነው። ኬርን ደግሞ የድንጋይ ክምር ማለት ነው። ከእንግሊዝ በስተሰሜን ባለችው በስኮትላንድ፣ ነፋስ በማያባራባቸው ደሴቶች፣ ገበሬዎቹ በድንጋይ ክምር ውስጥ የሚደበቀውን ቀበሮ እንዲያወጣላቸው ያረቡት ውሻ ነው። ላዩ እንደ ገለባ የሻከረ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ሁለት ድርብ ጸጉር አለው፤ ዝናብ አያስገባም። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ እግሩ አጭር፣ መዳፉ ለቁፋሮ የሰፋ፣ ጥርሱ ለቁመቱ የማይመጥን ትልቅ ነው። ጭራው አጭርና ከሥሩ የወፈረ ነው። ጠባዩ ግትር ነው ይላል መጽሐፉ፤ ይህን እንኳ ሳላነብም አውቀው ነበር።

አንድ ነገር ግን ቆም አድርጎ አሳሰበኝ። ይህ ውሻ ለብዙ ዘመን ስም አልነበረውም። ከተሜዎች ወደ ውድድር ሲያመጡት በአንድ ደሴት ስም ጠሩት። በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ባለ ረጅም ጸጉር ውሻ የነበራቸው ሰዎች «ስማችንን ቀሙን» ብለው ተነሡ፤ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ኬርን ይባል ብለው ተስማሙ። ነጮቹን ቡችሎች ደግሞ ለይተው ሌላ ዘር ናቸው አሏቸው። እንግዲህ ዘር የሚሉት ነገር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተነጋገሩበት ከሆነ እኛ ለምን አንነጋገርም?

አሻፈረኝን የሰጠኝ ሳንቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። «የጭልሞ ውሻ ነው» ብሎኝ ሄደ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ጊንጪ አጠገብ ወዳለው ወደ ጭልሞ ጫካ ተነሣሁ። ወገኖቹን አገኛለሁ፤ እየሸበተ ስለሆነ ቢቀናኝ ሴት ውሻም እፈልግለታለሁ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ጊንጪ

አዲስ ዓለምን ከኮረብታዋ ጋር አልፈን ጊንጪ ስንወርድ ፀሐይዋ ገና ትፋጃለች። ገበያ ነው፤ የደንዲ ጤፍና ስንዴ በጆንያ ተደርድሯል። ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ዋጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ኦሮምኛ ይሆናል።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወፍራም፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። አልጋውን አሳየችኝ፤ ዋጋውም ደህና ነው፤ ከዚያ ውሻውን አየች።

«እሱ በረንዳ ላይ ይደር።»

«እኔም በረንዳ ላይ አድራለሁ» አልኩና ሻንጣዬን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ቆመች። መንገደኛው ሁሉ በረንዳው ላይ የተቀመጠችውን ባለ ኮት ሴት እየዞረ ያያል። ትንሽ ቆይታ «ሰው ምን ይለኛል!» አለችና የዱቄት ዕቃ ቤቷን ከፍታ አልጋ አስገባችልኝ። ሁለታችንም እዚያ አደርን። ጠዋት ስትከፍት አሻፈረኝ የያዛቸውን አይጦች ደፉ ላይ አሰልፎላት አየች። ቁርስ አላስከፈለችኝም፤ ግን ውሻ ይግባ ብላ አልተናገረችም። እልኸኛ ሴት ናት፤ ወደድኳት።

ማክሰኞ፣ ጭልሞ

ከጊንጪ ወደ ጫካው በእግር ወጣን። ዝግባው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሄዷል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነጭ ጭራዋን እያንቦገቦገች ትዘላለች። የእንጨት መሰንጠቂያው ሳይታይ ይሰማል። መጋዙ ግንድ ሲነካ ይጮኻል፤ ሲጨርስ ያቃስታል። ጣሊያን ያቆመው ነው ይላሉ። መግቢያው ላይ አንድ ቀጭን አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የግቢው ጠባቂ ኦቦ ደሬሳ ናቸው።

«አካም ጅርታ?» አሉኝ።

«ፈያ» አልኩ በምችላት ኦሮምኛ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። ዱላቸውን ጥለው አሻፈረኝ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ኩን ኬኛ!» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፦ «ይሄ የኛ ነው! ከየት አመጣሽው?»

እኔም ነገርኳቸው። ግንድ ላይ ተቀመጥን፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ መጋዙ ዝም አለ፤ ኦቦ ደሬሳም አወጉኝ።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ የእንግሊዝ ጦር ሲገባ፣ አንድ ጸጉረ ቀይ ወታደር መሰንጠቂያውን እንዲጠብቅ እዚህ ተቀመጠ። ከኬንያ ጀምሮ በመኪናው ውስጥ ይዟት የመጣ ትንሽ ሴት ውሻ ነበረችው። ኬርን ይላታል፤ ሠራተኞቹ ስሟ መስሏቸው ኬሬ አሏት። ኦቦ ደሬሳ ያን ጊዜ ግንድ ጎታች ወጣት ነበሩ።

«ሲሄድ ጥሏት ሄደ?» አልኳቸው።

«አልጣላትም። መኪናው ላይ ጫናት፤ ዘላ ወረደች። ደግሞ ጫናት፤ ደግሞ ወረደች። አንዴ ተቆጣ፣ አንዴ ለመነ፤ እምቢ። በመጨረሻ ሳቀና ገመዷን ለኔ ሰጠኝ። ለካ ከኛ ውሻ አርግዛለች።»

ቡችሎቹ ከእናታቸው ትንሽ ከፍ ያሉ፣ ደረታቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ሆኑ። ሠራተኞቹ ተከፋፈሏቸው። ፍልፈል እርሻ ያበላሻል፣ ጃርት ድንች ይጨርሳል፤ እነዚህ ውሾች ደግሞ ጉድጓድ ሲያዩ ቀልብ የላቸውም። እንዲህ እየተዋለዱ፣ ጎበዙ ከጎበዝ እየተገናኘ፣ የጭልሞ ውሻ የሚባል ነገር መጣ።

«ጉድጓድ የሚፈራውንስ ቡችላ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ለከተማ ሰው እንሰጠዋለን።»

አሻፈረኝን ወደ እግሬ ሳብኩት። እሳቸውም አሻፈረኝን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ጢማቸውን እየደባበሱ ሳቃቸውን ያዙ።

ተናድጄ ልመልስላቸው ስል ገመዱ ከእጄ ተመነጨቀ። አሻፈረኝ ከወደቀው ዝግባ ሥር ካለ ጉድጓድ ገባ፤ መጀመሪያ ራሱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ምንም አልታይ አለ። ከመሬት በታች ጩኸቱ ይሰማል። ጩኸቱ ራቀ፤ ታፈነ። ከዚያ ዝም አለ።

እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ኮቴን ሳላወልቅ በሆዴ ተኝቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ «አሻፈረኝ! አሻፈረኝ!» እላለሁ። አፈር ይሸተኛል፣ የጃርት ሽታም። ኦቦ ደሬሳ ዶማ ይዘው መጡ፤ «ዞር በይ ልጄ» ብለው ከጎን በኩል ይቆፍሩ ጀመር። ሥር ይቆርጣሉ፣ አፈር ይዝቃሉ፤ እኔም በእጄ እዝቃለሁ። በመጨረሻ ጭራው ታየ። አይንቀሳቀስም። ኦቦ ደሬሳ እጃቸውን አስገብተው ጭራውን ከሥሩ ጨበጡ።

«ይሰበራል!» ብዬ ጮህኩ።

«አይሰበርም። ለዚህ ነው እንዲህ የወፈረው።»

ሳቡት። ከነአፈሩ፣ ከነድንጋዩ ወጣ። ጉንጩ ላይ የጃርት ወስፌ ተሰክቶበታል፤ ደም በደም ነው፤ ግን ዓይኑ ተከፈተ፣ አስነጠሰ፣ ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ታገለ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ኦቦ ደሬሳ ወስፌውን ነቅለው ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠቡ «ለከተማ የተሰጠው በስሕተት ነው» አሉኝ።

ሌሎቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩ። ፊታቸው ጠቆረ። አንድ ክረምት በሽታ ገባ፤ ዓይናቸው መግል እየያዘ፣ እየተንቀጠቀጡ አለቁ። የቀረችው አንዲት ሴት ውሻ ናት፤ ከአምቦ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ፣ እኅታቸው አደ ዲንቂ (ወይዘሮ ዲንቂ ማለት ነው) ዘንድ።

«ግን ፍጠኚ» አሉኝ። «እዚያ ውሻ እየገደሉ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ረቡዕ፣ አምቦ

በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ አምቦ። ጋሪዎቹ ባለ ቀይ ጥብጣብ ፈረስ ይጎትታቸዋል። የፍል ውኃው መዋኛ በር ላይ ዘበኛው ውሻዬን አይቶ እጁን ገና ከሩቅ አነሣ፤ አልተከራከርኩም፣ ቸኩያለሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበሉን፣ የሚንጫጫውን የአምቦ ውኃ ለአሻፈረኝ በሰሐን ሰጠሁት፤ አፍንጫውን ነክሮ አስነጠሰና ሰሐኑ ላይ ጮኸበት። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ብቻ አልሳቀም። የምሄድበትን ስነግረው «ውሻ ይዘሽ?» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ስመጣ መንገድ ዳር ተጋድመው አይቻለሁ። ሥጋ ውስጥ መርዝ ነው።» ሆኖም በዚያ በኩል ስለሚመለስ ጋቢናው ውስጥ አስገባን። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ከሰዎቿ ጋር ተስማምተን ተለያይተናል።

እንዳለውም ነበር። ከከተማዋ መግቢያ ጀምሮ ቦዩ ውስጥ ተዘርግተዋል፤ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቡሬ። አሻፈረኝን ጭኔ ላይ አቅፌ ዓይኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ለምን እንደሸፈንኩት አላውቅም።

አደ ዲንቂ በር አልከፈተችልኝም። «ውሻ የለኝም!» አለች ከውስጥ። የኦቦ ደሬሳን ስም ጠራሁ። በሩ ገርበብ አለ፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጸጉሯ ብር የመሰለ ሴት ናት። አሻፈረኝን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። አስገብታን በሩን ቀረቀረችና የእህል ጎታዋን ክዳን አነሣች። ከውስጡ ሁለት ቀጥ ያሉ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ከዚያ ሻካራ ግንባር፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ ውሻ ዘላ ወረደች።

«ማን ትባላለች?»

«ዲዴ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እምቢ አለች ማለት ነው።»

የእኔን ውሻ ስም ነገርኳት። አደ ዲንቂ ጎታው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሁለት የማንተዋወቅ ሴቶች፣ በሁለት ቋንቋ፣ አንድ ስም አውጥተናል።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ፣ ጎረቤቷ የነበረች ሴት ውኃ ስታይ እየጮኸች ሞታለች። ከተማው ፈርቷል። ትእዛዝ ወጣ፤ የታወቀ ዘር ያላቸውና አንገታቸው ላይ የቁጥር ቆርቆሮ ያሰሩ ውሾች ብቻ ይተርፋሉ። ቆርቆሮውን እስካሁን ያገኙት የሐኪሙ ውሻና የአንድ ባለርስት ውሾች ናቸው።

«ነገ ቆርቆሮው ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

«ዘሯን ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«ጭልሞ በያቸው።»

ሐሙስ፣ ጽሕፈት ቤቱ

ሁለቱን ውሾች በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ ይዘን ሄድን። ሰው ከየሱቁ ወጣ። «ሞት ወዳለበት ይዘዋቸው ይሄዳሉ!» ሲል ሰማሁ አንዱን።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሞተችውን ሴት ለቀብር ካደረሱት አንዱ ናቸው።

«ዘሯ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጭልሞ» አለች አደ ዲንቂ።

«እንዲህ የሚባል ዘር አላውቅም።»

እኔ ጀመርኩ። ደሴቶቹን፣ የድንጋይ ክምሩን፣ ቀይ ጸጉር ያለውን ወታደር፣ ከመኪና ዘላ የወረደችውን ኬሬን፣ ፍልፈልና ጃርቱን ነገርኳቸው። የዲዴን ጭራ አስጨበጥኳቸው። አቶ ጥላዬ በትዕግሥት ሰሙኝና «መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ደህና ነው፤ ግን ይህ ስም የት ተመዝግቧል?» አሉ።

«አሁን እርስዎ ሲመዘግቡት።»

«በማን ሥልጣን?»

«ኬርን የሚባለውንስ በማን ሥልጣን አወጡት? ውሻው የነበራቸው ሰዎች ናቸው ያወጡት። እነዚህ ውሾች ያሏቸው ሰዎች ጭልሞ ብለዋቸዋል። ለፈረንጅ ውሻ ቆርቆሮ ሰጥተው ለጭልሞ ከከለከሉ ጋዜጣ ላይ እጽፈዋለሁ።»

መነጽራቸውን አወረዱ። አደ ዲንቂ ከወንበሩ አልተነሣችም፤ ዲዴን ጭኗ ላይ አድርጋ እጆቿን አጣምራባታለች። ከዚያ ሊያነሣት የሚችል አልነበረም። አቶ ጥላዬ በረጅሙ ተንፍሰው ብዕራቸውን ነከሩና ጻፉ። ዘር፣ ጭልሞ። ለአሻፈረኝም አስጻፍኩ፤ እንግዳም ቢሆን መርዙ አይለየውም። ሁለት ቆርቆሮ ይዘን ወጣን።

ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። ከምሳ በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ግቢ በሰውና በውሻ ተሞላ፤ በገመድ፣ በመቀነት፣ በመጫኛ የታሰሩ ውሾች። በር ላይ የመጀመሪያው ሰው ቆሟል፤ ገበሬ ነው፤ ከወገቡ የሚደርስ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ይዟል።

«ዘሩ?» ይላሉ አቶ ጥላዬ።

«ጭልሞ ነው ጌታዬ።»

«ይሄ? እግሩ የፈረስ ነው!»

ሰው ልከው አስጠሩኝ። ከጎናቸው ወንበር ተደረገልኝ። «እርስዎ ያመጡት ስም ነው፤ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ። «እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለዩልኝ።»

ሰልፉን አየሁት። የአሻፈረኝ ወገን የሚመስል በውስጡ አንድም የለም። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት የዚህን ዘር ልዩነት ላሳይ ነው፤ ይሄን ረጅሙን ጭልሞ ካልኩ ያ ሁሉ ንባቤ፣ ያ ሁሉ ክርክሬ ዋጋ የለውም። ገበሬው አይለምነኝም። ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ፊቴን ብቻ ያያል። ውሻው የገበሬውን እግር ተደግፎ ቆሟል።

«ጭልሞ ነው» አልኩ።

«እግሩስ?»

«በአባቱ በኩል ነው።»

አቶ ጥላዬ ጻፉ። ቀጣዩ ገባ፤ ቡሬ፣ ጆሮው የወደቀ። ጭልሞ ነው። ቀጣዩ፤ ጭራው እንደ ቀለበት የተጠቀለለ። ጭልሞ ነው። ግቢው ውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋና ሰዉ ዝም ብሎ ይሰማኝ ጀመር። ሁሉንም ግን ዓይኑን፣ አፉን፣ አረማመዱን አያለሁ፤ ባለቤቱንም «ታስረዋለህ? ማታ አትለቀውም?» እላለሁ። እሺ ይለኛል።

አቶ ጥላዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መምህርት፣ ይሄ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው። አባቴ ቤት ልጅ ሆኜ እንዲህ ዓይነት ነበረን።»

«እንግዲያው አባትዎም ጭልሞ ነበራቸው።»

 ፈገግ ለማለትም ለመቆጣትም የቃጣቸው ይመስላል። ከዚያ ብዕሩን አነሡ።

ጥላው ሲረዝም አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ሸማኔ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ላይ የክር ፍርፋሪ አለ። ውሻው ትንሽ፣ ቢጫ። የታችኛው መንጋጋው ወርዶ ልጋጉ ይንጠባጠባል፤ የኋላ እግሩ ይጎተታል፤ ዓይኑ ወደ እኛ ያያል፣ ግን አያየንም። አደ ዲንቂ ከበሩ ሆና «ዞር በሉ!» ብላ ጮኸች። ግቢው ተበተነ። እኔም ተነሥቼ «አባቴ፣ ገመዱን ከምሰሶው አስረው ይራቁ። እጅዎን ነክሶታል? ልሶታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጉሮሮውን አጥንት ይዞት ነው። ልይለት ብዬ እጄን አስገብቻለሁ።» ጣታቸው ላይ ጭረት አለ።

የተሰበሰበው ሕዝብ እኔን ይጠብቃል። ለሁሉ አዎ ስል ውያለሁ።

«ታሟል» አልኩ። «አይተርፍም። እርስዎ ግን ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ መሄድ አለብዎት፤ መርፌው አለ።»

አቶ ጥላዬ ራሳቸው ሽማግሌውን በክንዳቸው ያዟቸው፤ ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርሳቸው ጋሪ ተጠራ። ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ሸማኔው ጋሪው ላይ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔውስ? ጭልሞ አልነበረም?»

«ጭልሞ ነበር አባቴ» አልኩ። «ንጹሕ ጭልሞ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሪው ሲሄድ ተኩሱ ተሰማ።  ከዚያ ሰልፉ ተመልሶ ተሠራ፤ አሁን ግን ገመዱን ያላጠበቀ አልነበረም። አቶ ጥላዬም መጥተው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «ቀጣዩ ይግባ» አሉ። ቆርቆሮ ሲያልቅ ከዘይት ጣሳ ያስቆርጡ ጀመር።

ዓርብ፣ የመመለሻ መንገድ

አደ ዲንቂ ዲዴን አልሰጥም አለችኝ። «ቡችላ ከመጣ ግን የመጀመሪያው ያንቺ ነው» አለች። ሁለቱ ውሾች ጓሮ ውስጥ ተዋውቀው ስላደሩ ተስፋ አለኝ። ሸማኔው መርፌ መጀመራቸውን ሐኪሙ ቤት ሄጄ አየሁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ መርፌው ሆድ ላይ የሚወጋና ብዙ ነው፣ እስኪጨርሱ አደ ዲንቂ ምግብ ታደርስላቸዋለች።

አውቶቡሱ ከከተማዋ ሲወጣ መንገዱ መካከል ውሾች ተኝተው ነበር፤ ረጅም፣ አጭር፣ ቡሬ፣ አንድ ጆሮ ያለውም አለ። ባለቤቶቻቸው በገመድ እየሳቡ ሊያስነሷቸው ይታገላሉ፤ አንገታቸው ላይ የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ አልተነሡም።

«ምን ዓይነት ውሾች ናቸው እነዚህ!» አለ ተናዶ።

ከኋላዬ የተቀመጠ፣ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ቆሎውን እያላመጠ፣ ከአያቱ የሰማውን የሚናገር ያህል ረጋ ብሎ መለሰለት።

«ጭልሞ ናቸዋ። አይነሡም። ዞረህ እለፍ።»

ሹፌሩ ዞሮ አለፈ።